ክታብና ክትባት

አክስቴ ደወለችና «ደምበል ጋ ነኝ፣ ቶሎ ድረስ» አለችኝ። ስደርስ እዚያው አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብልቃጥ እንክብልና አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ ፊት ለፊቷ ደግሞ ሱፍ የለበሰ ጎልማሳ። ወረቀቱ ላይ የነጭ አይጥ ፎቶ አለ።

«እናቴ፣ ይሄ በላብራቶሪ እንስሳ ላይ የተሞከረ ነው» ይላታል። «በሽታ የመከላከል አቅምዎን ከፍ ያደርጋል። በሳምንት አንዴ ቢሯችን ብቅ ካሉ ደግሞ ኢነርጂዎን በእጅ እናስተካክላለን።»

አክስቴ ስኳር አለባት። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ብር የወሩ የመድኃኒት ብር መሆኑን አውቃለሁ። «እስከ ቅዳሜ ብቻ አቆዪው» ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች፤ ግን ፊቷ ጠቆረ። እኔም «በአይጥ ተሞክሯል» የሚለው ነገር ከንክኖኝ ማንበብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያቆመኝ የራሳችን ቋንቋ ነው። በግዕዝ «ከተበ» ማለት ጻፈ ነው። ከዚህ አንድ ሥር ሁለት ቃል ወጥቶልናል፦ አንገት ላይ የሚታሰረው ክታብና ክንድ ላይ የሚሰጠው ክትባት። የሁለቱም ሥራ ገና ያልመጣን በሽታ መመለስ ነው። ክትባት ደግሞ ሆስፒታል ይዞብን የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ሰዉ ከፈንጣጣ በሽተኛ መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ እየበጣ ሲከትብ አይቶ ጽፏል። አደገኛ ነበር፤ በዚያው የሚሞትም ነበር። ግን ሰው ማየት ይችላል፦ የተከተበው ማን፣ ያልተከተበው ማን፣ ወረርሽኙ ሲመጣ የተረፈው ማን። ዘመናዊው ክትባት ይህንኑ መንገድ አጥርቶ ቀጠለበት፤ እ.ኤ.አ በ1976 የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ ተመዘገበ፤ በዓመቱ በሶማሊያ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው።

ታዲያ የእጅ ኢነርጂውስ? ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ እሱም በአይጥ ተሞክሯል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ግራድ የ300 አይጦችን ጀርባ በትንሹ አቁስሎ በቡድን ከፈላቸው። ኦስካር ኤስቴባኒ የሚባል የቀድሞ የሃንጋሪ ፈረሰኛ መኮንን የአንዱን ቡድን ሳጥን በሁለት እጁ መሀል ይይዛል፤ ሌሎቹ ለማነጻጸሪያ ናቸው። የኤስቴባኒ አይጦች ቁስል ፈጥኖ ጠበበ ተብሎ እ.ኤ.አ በ1961 ታተመ። ልብ በሉ፤ የተለካው የቁስል ስፋት እንጂ የአክስቴ ስኳር አይደለም።

እ.ኤ.አ በ1998 ደግሞ ኤሚሊ ሮዛ የምትባል የ11 ዓመት አሜሪካዊት በታላቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ጥናት አሳተመች። በእጅ ኢነርጂ እናክማለን የሚሉ 21 ሰዎች እጃቸውን በመጋረጃ ቀዳዳ አሾለኩ። እሷ ማዶ ሆና እጇን ከአንደኛው በላይ ታደርጋለች፤ የትኛው ላይ እንደሆነ በኢነርጂው ይንገሯት። ከ280 ሙከራ 44 በመቶውን ብቻ አገኙ። በሳንቲም ቢገምቱ 50 በመቶ ያገኙ ነበር!

የእንክብሉ ታሪክ ግን ይለያል፤ እዚህ ጋ አፌን ያዘኝ። እ.ኤ.አ በ1928 እንግሊዛውያኑ ግሪንና ሜላንቢ ቫይታሚን ኤ የሌለው ምግብ የበሉ አይጦች በኢንፌክሽን እንደሚያልቁ አሳዩ። እነ አልፍሬድ ሶመር እ.ኤ.አ በ1986 ባሳተሙት ጥናት የኢንዶኔዥያዋን የአቼን 450 መንደሮች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹ መንደሮች ላሉ ሕፃናት የቫይታሚን ኤ እንክብል ሰጡ። የሚሞተው ሕፃን ቁጥር በሲሶ ያህል ቀነሰ። እኛም አገር ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለቴ የሚሰጠው ጠብታ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ እንክብል በሽታ የመከላከል አቅምን ሊረዳ ይችላል። ግን አይጦቹም ሕፃናቱም የጎደላቸው ነገር ነበር። የጎደለውን መሙላት ሌላ፣ ያልጎደለው ላይ መጨመር ሌላ።

ይህን በስልክ ስነግራት አክስቴ «የአገርህን መድኃኒት ልትንቅ ነው?» አለችኝ። አልናቅኩም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። «እንዶድ ገደላቸው» ብሎ አልሄደም። በሕይወት ያሉትን በዕቃ አድርጎ የእንዶዱን አረፋ አስጨመረባቸው፤ ሞቱ። ከዚያም ዓመታት የፈጀ የላብራቶሪ ሥራ ተከተለ። የአገርን ዕውቀት ማክበር ማለት ለእኔ ይሄ ነው፤ መፈተን።

መጋቢት 2012 ትዝ ይላችኋል? ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ የተወደደበት፣ ቤቱ ሁሉ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚሸትበት ወር። ያኔ መንግሥት ከአገር በቀል ዕውቀትና ከዘመናዊ ሳይንስ የተቀመረ የኮሮና መድኃኒት የመጀመሪያውን የምርምር ምዕራፍ አለፈ ብሎ አስታወቀ። ብዙዎቻችን የሰማነው «መድኃኒት ተገኘ» የሚለውን ነው። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ» የሚለው ቃል ጠፋብን። የላብራቶሪ እንስሳም እንዲሁ ነው፤ በር እንጂ ቤት አይደለም።

ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን። ልናገር ስል አክስቴ ቀደመችኝ።

«ልጄ፣ ያልተሰጣቸው አይጦችስ ምን ሆኑ?»

ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠው። ከኋላ ያለው የዋጋ ዝርዝር ነው። «ቢሮ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለ።

አክስቴ ቦርሳዋን ዘጋችና ተነሳን። መንገድ ተሻግረን ፋርማሲ ገባን፤ የወሩን መድኃኒት ገዛች። ስትከፍል ነጠላዋ ሸርተት ሲል አንገቷ ላይ ያለው ክታብ ብቅ አለ። ማየቴን አየች።

«እሱን ተወው» አለችኝ። «እሱ የመድኃኒቴን ብር አልጠየቀኝም።»