«ግምታዊ ወጪ» ሳይሆን «ይቆጠር ዋጋ»

የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ወደ ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ ባለሙያዎቹ በአጭሩ «አይኤፍአርኤስ» ወደሚሉት፣ ሲያስገባ ብዙ እንግዳ ስያሜዎችም አብረው ገቡ። ከእነዚህ ሁሉ «ግምታዊ ወጪ» የሚባለውን ያህል ጆሮ የሚቆረቁር የለም። እንግሊዝኛው «ዲምድ ኮስት» ነው። ተርጓሚው «ዲምድ»ን ግምት፣ «ኮስት»ን ወጪ አደረገና ሥራውን ጨረሰ። ሁለቱም ቃላት አማርኛ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ስተዋል።

ነገሩ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። ደረጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀበል የኤሌክትሪክ ድርጅት እያንዳንዱ ግድብ፣ ሰብስቴሽንና ምሰሶ ስንት እንደፈጀበት በአዲሱ ደንብ ከሥር ጀምሮ ማስላት ሊኖርበት ነው። የቆቃን ግድብ ብቻ እንውሰድ። በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ተመረቀ፤ ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበር። ባለቤቱ መብራት ኃይል ከባለሥልጣንነት ወደ ኮርፖሬሽንነት ተለወጠ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ማመንጫው ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሥርጭትና ሽያጩ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። በዚህ ሁሉ መሃል የጠፋውን ደረሰኝ ፍለጋ መዝገብ ቤት መግባት የማይሞከር ነው። ደረጃው ይህን ስለሚያውቅ በመሸጋገሪያው ቀን ንብረቱ የሚያወጣውን ዋጋ ወስዶ ልክ ያን ያህል እንደተከፈለበት አድርጎ መያዝን፣ የእርጅና ቅናሹንም ከዚያ መጀመርን ይፈቅዳል።

እንግዲህ ግምቱ የቱ ላይ ነው? ገማች ተቀጥሮ ከሆነ በእርግጥ ግምት አለ፤ ግን የስያሜው ፍሬ ነገር እሱ አይደለም። ማስረጃው እዚያው ደረጃው ውስጥ ነው። ታሪፋቸው በተቆጣጣሪ አካል የሚወሰን ድርጅቶች፣ የኤሌክትሪክና የውሃ ድርጅቶች ዋና ምሳሌ ናቸው፣ ንብረታቸው ዋጋ አጥቶ እንደሆነ መርምረው የቀድሞውን የመዝገብ ዋጋ እንዳለ ይዘው መሻገር ይችላሉ። ያን ጊዜ ገማች የሚባል ሰው የለም፤ የድሮው ቁጥር ነው ስሙን ቀይሮ የሚገባው። የዚህ ቁጥር ስም ግን ያው «ዲምድ ኮስት» ነው። ግምት የሌለበትን ነገር «ግምታዊ» ማለት ምን ይባላል? «ወጪ»ም ቢሆን በሒሳብ ሠራተኛው አማርኛ ከኪስ ወጥቶ ያለቀውን፣ ከትርፍ ላይ የሚቀነሰውን ያመለክታል። ግድቡ ደግሞ አላለቀም፣ ቆሟል። የሪፖርቱ አንባቢ የምክር ቤት አባል ወይም ጋዜጠኛ መሆኑ ሲታሰብ «ድርጅቱ በግምት ብዙ ቢሊዮን ብር አወጣ» የሚል ዜና ቢወለድ ጥፋቱ የአንባቢው አይሆንም።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። «መነሻ ዋጋ» ቀና ይመስላል፤ ግን ጨረታው ቀድሞ ወስዶታል። «ምትክ ዋጋ» ንብረቱን ዛሬ ለመተካት የሚጠይቀውን ገንዘብ ያስታውሳል፤ እሱ ሌላ ልኬት ነው። ጠንካራው ተፎካካሪ «ታሳቢ ዋጋ» ነው። ከ«ሐሰበ» የወጣ፣ የ«ሒሳብ» የሥጋ ዘመድ፣ ለባለሙያውም ያልራቀ ቃል ነው። የምነቅፍበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእቅድና በበጀት አማርኛ «ታሳቢ» ማለት ነገ ሊፈርስ የሚችል፣ ሲፈርስም የሚከለስ መነሻ ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ አንዴ ከተያዘ በኋላ እንደ እውነተኛው የግዥ ዋጋ የሚታይ ቁጥር ነው።

ለዚህ አማርኛ የቆየ መሣሪያ አለው። «ቆጠረ» መደመር ብቻ አይደለም፤ አንድን ነገር ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መያዝም ነው። «ከሰው አልቆጠረኝም» የሚል ሰው ስለ ሕዝብ ቆጠራ አያወራም። የአማርኛው ኦሪት ዘፍጥረት የአብርሃምን እምነትና ጽድቅ ያገናኘበት ግሥ ይኸው ነው። የሕግ አማርኛማ «እንደ… ይቆጠራል»ን ከጥንት ይዞታል፤ ቆቃ በተመረቀበት በዚያው በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተፀነሰን ልጅ ለጥቅሙ ሲባል እንደ ተወለደ የሚያይበት አስተሳሰብ ከእኛ ግድብ ጉዳይ ጋር አንድ ነው። አለመወለዱ ይታወቃል፤ እንደ ተወለደ ግን ይያዛል። (የኤሌክትሪክ ደንበኛውም ሥሩን ከቤቱ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ቆጣሪ ያውቀዋል።) ስለዚህ «ይቆጠር ዋጋ» እላለሁ።

ይህን ሲሰማ «የትእዛዝ ግሥ እንዴት ስም ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። ፍርድ ቤት ይሂድና «ይግባኝ»ን እና «ይርጋ»ን ይጠይቅ። ሁለቱም ከግሥ አንቀጽ ተነሥተው በስምነት የጸኑ ናቸው፤ «ይግባኝ ባይ» ሲባል ማንም ግር አይለውም። ሌላው ደግሞ «ዲምድ ኮስት» ብለን ብንተወውስ ይላል። ትራንስፎርመርን በስሙ መጥራታችን አይከፋኝም፤ ዕቃው ፊት ለፊት ይታያልና ስሙ ማስረዳት አይጠበቅበትም። የማይታየው የሒሳብ አሳብ ግን ከስሙ በቀር ለአንባቢው የሚያሳየው አካል የለውም። ሦስተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ቃሉ ደረጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚቀበሉበት ዓመት አንዴ ተነሥቶ ይረሳል፣ ምን ያደክማል? እውነት ነው፣ በማብራሪያው ገጽ ላይ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነው። ቁጥሩ ግን ግድቡ እስካገለገለ ድረስ ለአሥርት ዓመታት የእርጅና ቅናሽ ሆኖ በየዓመቱ ወጪ ውስጥ ይገባል፤ ድርጅቱም ታሪፍ ይሻሻልልኝ ሲል ከሚያቀርበው ስሌት ውስጥ ይኖራል። ጭማሪውን የሚከፍለው ሰው ያ ቁጥር ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ «በግምት» ከሚባል ይልቅ «እንዲህ ይቆጠር ተብሎ» ቢባል ቀጥሎ ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፦ ይቆጠር ያለውን።