ከቅኔ ቤት እስከ ኮሌጅ ቀን

በዲላም ሆነ በፍስሐ ገነት አንድ ወጣት ግጥሙን ለወዳጁ አንብቦ «እንዴት ነው?» ሲል፣ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «በጣም ጥሩ ነው» የሚል ነው። ግጥምን የሚያቀጭጨው ይኸው መልስ ይመስለኛል። የግጥም እርማት ከባሕር ማዶ የመጣ ልማድ ነው የሚልም ካለ የቅኔ ቤትን ወግ ዘንግቷል።

በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ያቀርባል። መምህሩ ዜማው የሰበረበትን፣ አገባቡ የተፋለሰበትን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተጋጠሙበትን ቦታ እዚያው ያርማል። ባልንጀሮቹም ይሰማሉ፤ ሐፍረቱ የትምህርቱ አካል ነው። ስምንት ቤቱን መወድስ እስኪደፍር ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ ራሱ ያውቃል።

የታረመው ቅኔ በማኅሌት ይባላል። የተማሪው ኅትመት ያ ነበር፤ አንዴ ተሰምቶ የሚያልፍ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ስንቱ ከሰሚው ጋር በተቀበረ! የጎጃሟ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ ከአባታቸው ተምረው ቅኔን ሲያስተምሩ የኖሩት መምህርት፣ ከአፋቸው የወጣው ሁሉ ተጽፎላቸዋል ለማለት ማን ይደፍራል?

በ1950ዎቹ ይህ የእርማት ወንበር ቦታውን ለቀቀ። በአዲስ አበባ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች በየዓመቱ በሚያከብሩት የኮሌጅ ቀን ግጥም ለውድድር ይቀርብ ጀመር፤ ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. «ድሃው ይናገራል»ን፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) በ1959 ዓ.ም. «በረከተ መርገም»ን አሰሙ። አሁን ፈራጁ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ሆነ። ጭብጨባ ገጣሚን ያደፋፍራል፤ የወለመውን ስንኝ ግን ለይቶ አያሳይም። ገሞራው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ነበርና ጆሮው አስቀድሞ ተሞርዷል፤ ከእርሱ በኋላ መድረክ የወጡት ብዙዎች ግን ከጭብጨባው በቀር አራሚ አልነበራቸውም። ግጥሞቹም ከማተሚያ ቤት አስቀድመው በግልባጭ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ።

ገሞራው በ2007 ዓ.ም. በስደት ሳለ በስዊድን አረፈ። «በረከተ መርገም» ግን ዛሬም ስሙ ይጠራል።