የግል ማመንጫ መመለስ
የዳታ ማዕከሎችና የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክ

የኤሌክትሪክ መብራት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙውን ጊዜ የባለጸጋ የግል ንብረት ነበር። በ1882 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኒውዮርኩ የባንክ ባለቤት ጄ. ፒ. ሞርጋን በማዲሰን ጎዳና የሚገኘውን ቤቱን በኤዲሰን አምፖሎች ሲያበራ፣ ኃይሉን ያገኝ የነበረው በራሱ ግቢ ከተተከለ የእንፋሎት ሞተርና ዳይናሞ ነው። ባለሙያው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሥራውን ሲያቆም ቤቱ ይጨልም ነበር፤ ጎረቤቶችም በሞተሩ ድምፅ መማረራቸው አልቀረም። ኤዲሰን በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 4 ቀን የፐርል ጎዳናን ማዕከላዊ ጣቢያ ቢከፍትም፣ ሆቴሎች፣ ቲያትር ቤቶችና ፋብሪካዎች የየራሳቸውን ማመንጫ መትከላቸውን አላቆሙም። በአዲስ አበባም ቢሆን የኤሌክትሪክ መብራት ታሪክ የሚጀምረው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከተተከለ ጄኔሬተር ነው።

ይህን ልማድ የለወጠው ሳሙኤል ኢንሱል ነው። ኢንሱል በ1881 ዓ.ም. የኤዲሰን ጸሐፊ ለመሆን ከለንደን ወደ አሜሪካ የተሻገረ ወጣት ሲሆን፣ በ1892 ዓ.ም. የቺካጎ ኤዲሰን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። የከተማይቱ ትልልቅ ሆቴሎችና መደብሮች በየምድር ቤታቸው ማመንጫ ስለነበራቸው፣ የኩባንያው ተቀናቃኝ ደንበኛ ሊሆን የሚገባው ሰው ራሱ ነበር። እርግጥ ነው፣ ኢንሱል በ1903 ዓ.ም. በፊስክ ጎዳና ጣቢያ ያስተከለው የ5,000 ኪሎዋት የእንፋሎት ተርባይን በየምድር ቤቱ ከነበሩት ሞተሮች ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዋናው ቁም ነገር ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። ትራም ጠዋትና ማታ፣ ፋብሪካ ቀን፣ መኖሪያ ቤት ምሽት ላይ ኃይል ይፈልጋል። ሁሉም ለየብቻቸው ቢያመነጩ እያንዳንዱ ለራሱ ከፍተኛ ጭነት የሚበቃ መሣሪያ ገዝቶ አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ያስፈታዋል፤ በአንድ ጣቢያ ሲገናኙ ግን አንዱ የተወውን ሌላው ይጠቀምበታል። ርካሹ የጋራ ኃይል የተገኘው ከዚህ ሒሳብ ነው።

ለዚህ ሒሳብ የዳታ ማዕከል ሲያዩት ተስማሚ፣ ሲመረምሩት እንግዳ የሆነ ደንበኛ ነው። ከሞላ ጎደል ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ስለሚጠቀም የተተከለለት መሣሪያ ሥራ አይፈታም። ነገር ግን በማናቸውም ሰዓት ለሌላው የሚተወው ኃይል የለውም፤ የመረቡ ጭነት ጣሪያ በሚነካበት ምሽትም እርሱ እዚያው ነው። በዚህ ላይ ሕንፃው በሁለት ዓመት ገደማ ሊቆም ሲችል፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመሩ ፈቃዱን፣ መሬቱንና ትራንስፎርመሩን ሲጠብቅ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ።

አለመመጣጠኑ ጎልቶ የታየው በአየርላንድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 5 በመቶውን ይወስዱ የነበሩት የዳታ ማዕከሎች በ2023 ዓ.ም. ድርሻቸው 21 በመቶ ደረሰ። አብዛኞቹ በደብሊንና በአካባቢዋ በመሰባሰባቸው ችግሩ የማመንጨት ብቻ ሳይሆን የማስተላለፍም ሆነ። በኖቬምበር 2021 የአገሪቱ የኃይል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ አመልካቾች ሲመዘኑ ከፍላጎታቸው ጋር የሚመጣጠንና በታዘዘ ጊዜ የሚነሣ ማመንጫ በቅጥራቸው ማቅረብ መቻላቸው እንዲታይ አዘዘ። ኢንሱል ያዘጋውን የምድር ቤት ማመንጫ ባለሥልጣን መልሶ አስከፈተው ማለት ይቻላል።

የግል ማመንጫ ግን ከሞርጋን ግቢ ወዲህ ባሕርዩን ብዙ አልለወጠም። ብቻውን ለቆመ የ100 ሜጋዋት ጭነት 100 ሜጋዋት መትከል አይበቃም፤ አንዱ ሲበላሽ፣ ሌላው ሲጠገን የሚተካ ትርፍ መሣሪያ ያሻል። ለመጠባበቂያ የተገዛው የናፍጣ ሞተር ዓመት ሙሉ እንዲሠራ አልታሰበም። በጋዝ ተርባይን ሲተካም ሸክሙ ከኤሌክትሪክ መሥመር ወደ ጋዝ ቧንቧ ይዛወራል እንጂ አይቀርም፤ ጭሱና ድምፁም ለጎረቤት ይተርፋል። ከሁሉ የሚከብደው የወጪው ጥያቄ ነው፦ ትልቁ ደንበኛ ራሱ አመንጭቶ መረቡን ለክፉ ቀን ብቻ ካስቀመጠው፣ ተገቢ ታሪፍ እስካልተበጀ ድረስ የመሥመሩን ዕዳ የሚሸከሙት ትንንሾቹ ናቸው።

የግል ማመንጫና የጋራ መረብ ጎን ለጎን ሲኖሩ የሚያጋጥመው ሌላው ችግር ጁላይ 10 ቀን 2024 በአሜሪካ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ታየ። በአንድ የ230 ኪሎቮልት መሥመር ላይ የመብረቅ መከላከያ ተበላሸ። መሥመሩን በራሳቸው የሚመልሱት መሣሪያዎች ደጋግመው ሲሞክሩ፣ በ82 ሴኮንድ ውስጥ ቮልቴጁ ስድስት ጊዜ ወረደ። እያንዳንዱ መውረድ በቅጽበት የሚያልፍ ነበር። ሆኖም የአንዳንዶቹ ማዕከሎች የባትሪ መቆጣጠሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት መናወጥ ሲቆጥር ጭነቱን ከመረቡ ነጥሎ ወደ ግል ጄኔሬተር እንዲያዛውር የተዘጋጀ ነበር። በመሆኑም 1,500 ሜጋዋት የሚያህል ጭነት ከመረቡ ወጣ። መሐንዲሶች ለዘመናት የተዘጋጁት ማመንጫ በድንገት ለሚጠፋበት ጊዜ ሲሆን፣ በዚያ ቀን የጠፋው ደንበኛው ነው። ፍሪኩዌንሲውና ቮልቴጁ ከፍ አሉ፤ ተቆጣጣሪዎቹም የማመንጫዎችን ምርት ቀንሰው፣ ካፓሲተሮችን ከመሥመር አስወጥተው አረጋጉት። ወደ ጄኔሬተር የተዛወሩት ማዕከሎች ግን በራሳቸው የሚመለሱ አልነበሩም፤ በየሕንፃው ባለሙያ ገብቶ በእጁ እስኪመልሳቸው ድረስ በግል ማመንጫቸው ቆዩ።