ፋይሉ አለ፤ ቃሉ የለም

አንድ ጡረተኛ ዘመዴ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሊጠይቅ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። የወረቀት ማኅደሩ ጠፍቷል። «ግድ የለም፣ ኮምፒዩተር ላይ ይኖራል» ተባልን። እውነትም ነበር። ፋይሉ ሲከፈት ግን በስክሪኑ ላይ የወጣው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ቅልቅል ሆነ። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው የገዛ ስሙን ከዚያ ውስጥ ፈልጎ አጣው።

ለመሆኑ ይህ ጉድ ከወዴት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አስኪ የተባለው ደንብ 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት። ለእንግሊዝኛ ይበቃል። ኋላ የመጡት ባለ 8 ቢት አሠራሮች ቦታውን ወደ 256 ቢያሰፉትም የእኛን ፊደል አላሰቡም። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከ256 ያልፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ባለሙያዎች የዘየዱት መላ ማሽኑን ማታለል ነበር። በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የአማርኛ ቅርጽ አስቀመጡ፤ ማሽኑ ላቲን ብሎ የመዘገበውን ዓይናችን «ለ» ብሎ አነበበ። ቦታ ሲጠብባቸው አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው በመነሻው ቅርጽ ላይ ቅጥያ ለጠፉ። በእነርሱ ብልሃት አማርኛ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁንና እያንዳንዱ የየራሱን አደላደል ስለተከተለ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈው በሌላው አልነበብ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለ345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር ሰጠ። ይህ ከዚያ ወዲያ ለሚጻፈው መድኃኒት ሆነ እንጂ ቀድሞ የተጻፈውን በራሱ አልለወጠም። አሮጌውን ፋይል ወደ አዲሱ ለማሻገር የድሮው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደሚወክል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በሁለት ፎንት የተጻፈን ሰነድ የፎንቱን ስም አጥፍቶ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ አንዱ ቁጥር የሁለት ፊደላት ወኪል ይሆናል፤ የትኛው እንደነበር የሚያውቀው ቃሉን የሚገምት ሰው ብቻ ነው። ስምና ቁጥር ግን በግምት አይነበብም።

ዘመዴን ያዳኑት የድሮውን ፎንት በዲስኬት ያስቀመጡ አንዲት የቀድሞ ጸሐፊ ናቸው። ፎንቱ ሲጫን ስሙ፣ የተቀጠረበት ቀንና ደመወዙ ከነበሩበት ብቅ አሉ። ወዲያው ታትሞ ማኅተም ተመታበት።

ስለዚህ አሮጌ ፋይል ያላችሁ መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ አቆዩ፤ ፎንቱንም አብራችሁ አኑሩ፤ የተሻገረውን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። የብራና መጻሕፍትን ከእሳትና ከምስጥ ጠብቀው ያስረከቡን አባቶች ልጆች ነንና፣ የ30 ዓመት ደብዳቤ ማንበብ ቢያቅተን ምን መልስ ይኖረናል?