ዜና ኃይሌ ገሪማ ዘጎንደር

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው የመኪና መንገድ የወገራን ደጋ አቋርጦ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ዳባት፣ ከዳባትም ወደ ደባርቅ ይዘልቃል፤ ከደባርቅ አለፍ ብሎ ከወልቀፊት አፋፍ ሲደርስም ምድሩ በድንገት ገደል ስለሚሆን፣ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ዐለቱን አስፈልፍለው ያሠሩት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከዚያ ይጀምራል። ይህ አገር ነገሥታት የተነሡበትና መሳፍንት የወደቁበት አገር ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ከሆኑ በኋላ፣ ድል አድራጊው ካሣ ኃይሉ ውቤ ራሳቸው ባሳነጹት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ደፍተዋል። ይህን የመሰለውን ነገር ሁሉ መዝግቦ ያቆየው ዜና መዋዕል፣ ማለትም የአንድን ንጉሥ ዘመን ከዓመት ወደ ዓመት እየተከተለ የሚተርከው የቤተ መንግሥት ታሪክ፣ ስለ መድረክ ሰው የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ አዝማሪ በግብር ላይ ቆሞ ጌታውን ሲያወድስ ቢጠቀስ እንኳ መቼ እንደ ተወለደና ከማን እንደ ተማረ የጻፈለት ጸሐፌ ትእዛዝ የለም። እንግዲህ የተዋናይነትን ትምህርት ፍለጋ ከጎንደር ወጥተው በፊልም አዘጋጅነት ስማቸው በዓለም የተጠራው የኃይሌ ገሪማ ዜና እንዲህ ነው።

በየካቲት ወር 1938 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ደራሲና ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ በ1949 ዓ.ም. የታተመው «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለው መጽሐፋቸው የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ ስለሚዘግብ የአምስቱን ዓመት ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። መጽሐፉ የተጻፈለት ትውልድ ሩቅ አልነበረም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጦር ጋር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የጠላትን ታንኮች ያስቆመው የደጃዝማች አያሌው ብሩ ሠራዊት የዚሁ የሰሜንና የወገራ ሰው ነበር፤ በወልቀፊት መሽጎ የቆየው የጣልያን ጦር እጁን የሰጠውም ጎንደር ነፃ ከመውጣቷ ሁለት ወር ቀደም ብሎ በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ በተወለዱበት ጊዜ የዚያ ጦርነት ቁስለኞች ገና ጎልማሶች ነበሩ። ገሪማ ታፈረም መጽሐፍ በመጻፍ ብቻ ሳይወሰኑ ተውኔት እየደረሱ ተዋንያን አሰባስበው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ያሳዩ ነበርና፣ ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የቆሙት በአባታቸው ጓድ ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ከተማ ሌላም አስተማሪ ነበር። ሲኒማ ቤት የሚታየው ፊልም ከውጭ የመጣ ስለ ነበረ፣ የጎንደር ልጆች የታርዛንን ጀብዱ እያዩ ያደጉ ሲሆን፣ ኃይሌ በኋላ ደጋግመው እንደ ተናገሩት፣ ጥቁሮቹ ጦረኞች ከኋላው አድብተው ሲቀርቡ ልጆቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ በአንድ ድምፅ ይጮኹ ነበር። አባት ማታ በመድረክ ላይ አርበኛውን ሲያነግሡ፣ ልጅ በሌላው ቀን ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ለነጩ ጀግና ይጨነቃል። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ከዚህ ጩኸት ጋር የተደረገ ሙግት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1960 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ ከተማ በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ተዋናይነትን ለመማር ገቡ። የኢትዮጵያ ሲኒማ በዚያ ጊዜ ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር፤ «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ለሕዝብ ከቀረበ ገና ጥቂት ዓመታት ነበሩ። በጉድማን የጠበቃቸው ዕጣ ግን የሚያስከፋ ሆነ፤ በምዕራባውያን ተውኔቶች ውስጥ ለጥቁር ተማሪ የሚተርፈው ክፍል አሽከር ሆኖ ትሪ ማቅረብ ወይም ጦር ይዞ ከበስተኋላ መቆም ነበርና፣ በአባቱ መድረክ ላይ ያደገ ሰው ይህን እንደ ሙያ ሊቀበለው አልቻለም። ስለዚህ ተዋናይነትን ትተው ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ።

በዚያች በሎስ አንጀለስ ከእርሳቸው ቀደም ብሎ ይኸው ችግር የገጠመው አንድ የሜክሲኮ ተወላጅ ነበረ፤ እርሱም አንቶኒ ኩዊን ነው። በሚያዝያ 1907 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ በቺዋዋ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣው ይህ ተዋናይ መጀመሪያ የተሰጡት ክፍሎች ሽፍታና የአሜሪካ ሕንድ ተዋጊ መሆን ነበሩ፤ እርሱ ግን አልተዋቸውም፤ ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ግሪክም ዐረብም እየሆነ በመጫወት ሁለት ጊዜ፣ በ1945 እና በ1949 ዓ.ም.፣ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። በ1973 ዓ.ም. በወጣው «የበረሃው አንበሳ» በተባለው ፊልም የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙክታርን ሆኖ ተጫውቷል። ዑመር ሙክታርን በመስከረም 1924 ዓ.ም. ያሰቀለው ግራዚያኒ ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የጣልያን እንደራሴ ሆኖ የተቀመጠውና የየካቲት 12ን እልቂት ያዘዘው ያው ሰው ነውና፣ ፊልሙ ለኢትዮጵያ ተመልካች የሩቅ ወሬ አይደለም። የጣልያን መንግሥትም የሠራዊቱን ክብር ይነካል ብሎ በ1974 ዓ.ም. እንዳይታይ ከለከለው። የሜክሲኮው ሰው የተሰጠውን ክፍል ሁሉ በችሎታው ማስፋትን መረጠ፤ የጎንደሩ ሰው ክፍሎቹን የሚያድለው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። የሁለተኛው መንገድ ዋጋው ይበልጣል፤ ሆኖም አርበኛው በገዛ ቋንቋው ሊናገር የሚችለው በእርሱ ብቻ ነው።

ነገሩ ወደ ቀደመው ይመለሳል። ኃይሌ በዩኒቨርሲቲው ከቻርልስ በርኔት፣ ከላሪ ክላርክና ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ጋር የሎስ አንጀለስ ዐመፅ በተባለው እንቅስቃሴ ውስጥ ተሰለፉ፤ ኢትዮጵያዊው ሊቅ ተሾመ ገብርኤልም የሦስተኛውን ሲኒማ ሐሳብ ያጠኑትና ያስተማሩት በዚያው ነበር። ሦስተኛ ሲኒማ ማለት ሁለት የአርጀንቲና ፊልም ሠሪዎች፣ ሶላናስና ሄቲኖ፣ በ1961 ዓ.ም. ግድም ያወጡት ስያሜ ሲሆን፣ አንደኛው የሆሊውድ የንግድ ፊልም፣ ሁለተኛው የአውሮፓ ደራሲ በግል ስሜቱ የሚሠራው፣ ሦስተኛው ደግሞ የተጨቆነ ሕዝብ ራሱን ነፃ ለማውጣት የሚሠራው ነው የሚል ትምህርት ነው። ኃይሌ ከሠሩት አንዱ በሆነው «ቡሽ ማማ» መክፈቻ ላይ የሚታየው ትዕይንት የተደረሰ አይደለም፤ ፖሊሶች አዘጋጁንና ጓደኞቻቸውን መንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ ካሜራው የያዘው እውነተኛ ነገር ነው።

የዘውዱ ሥርዓት በሚንኮታኮትበት በ1966 ዓ.ም. ግድም ወደ አገራቸው መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ቀረጹ፤ የተናገሩት በአማርኛ፣ የተጫወቱትም አብዛኞቹ ሙያው ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ባላባቱ ኮትና ባርኔጣ አድርጎ ከበሩ ላይ ተቀምጦ በጭሰኞቹ ላይ ይጮኻል፤ ከበታቹ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል፤ ካሜራውም ሳይቸኩል፣ እርሻው የሚፈጀውን ያህል ጊዜ እየወሰደ ያያቸዋል። ትዕግሥት የሌለው ተመልካች ይሰለቻል፤ ነገር ግን ጭሰኛው በቀን የሚያሳልፈውን ድካም በሌላ መንገድ ማሳየት ይቻል እንደ ሆነ ያጠራጥራል። መሬቱን የተነጠቀው ከበደ አልያም ከበበ ተብሎ በየጽሑፉ የሚጠራው፣ እንደ እብድ የሚታየው የቀድሞ ዘማች በመጨረሻ ባላባቱን ደብድቦ ይገድላል። በኢትዮጵያ ፊልም ታሪክ ከዚህ የበለጠ ሥራ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ሌሎችንም ፊልሞች ሠሩ። ስለ ባርነት የሚናገረው «ሳንኮፋ» በ1985 ዓ.ም. በበርሊን ለውድድር ቀርቦ ሳለ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ስላጣ፣ ከባለቤታቸው ከሽሪኪያና አይና ጋር ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ በዚያ ስም የከፈቱት የመጻሕፍትና የፊልም መደብርም ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ይገኛል።

ለ14 ዓመታት ያህል የደከሙበት «ጤዛ» ጣና ዳር ተቀርጾ በጳጉሜን 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት አገኘ፤ በተከታዩ የካቲት ደግሞ በቡርኪና ፋሶ የአፍሪካ ሲኒማ ታላቅ ሽልማት የሆነውን የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ተቀበለ። የፊልሙ ባለታሪክ አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ በዚያም በዘረኞች ተጠቅቶ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ መጨረሻ ወደ እናቱ መንደር የተመለሰ ሰው ነው። የመንደሩ ልጆች ለጦር አፈሳ የሚመጡትን ወታደሮች ፈርተው ዋሻ ውስጥ ይሸሸጋሉ፤ ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ጣልያኖች ለሙሶሊኒ ያቆሙት ሐውልት ይታያል። ይህ ሐውልት ተራ ጌጥ ሳይሆን የአባት መጽሐፍ በልጅ ፊልም ውስጥ የገባበት በር ነው። ስለ ዐድዋ ድል በ1991 ዓ.ም. ያወጡትም፣ ስለ አምስቱ ዓመት አርበኞች አረጋውያንን እያናገሩ ለብዙ ዓመታት የለፉበት «ጥቁር አንበሶች፣ የሮም ተኩላዎች» የተባለው ረጅም ሥራም ከዚሁ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ የተከፈተው የኦስካር ሰጪው አካዳሚ የፊልም ሙዚየም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠውን የቫንቴጅ ሽልማት የተቀበሉት ኃይሌ ናቸው። ይሁንና ስለ ሥራቸው የተጻፈው አብዛኛው ነገር በውጭ ቋንቋ ነው። የገሪማ ታፈረን ተውኔቶች በዓይናቸው ያዩ የጎንደርና የአካባቢው ሽማግሌዎች ቁጥራቸው እየመነመነ ስለሆነ፣ በጎንደርና በደባርቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቴአትርና ታሪክ የሚያጠኑ ወጣቶች እነዚህ ሰዎች ሳያልፉ ቃላቸውን በአማርኛ ሊጽፉት ይገባል።