ከቁጥር ዓምድ ወደ መስመር፦ በተራ ጽሑፍ ግራፍ የመሣል ታሪክ

በተራ የጽሑፍ ፋይል ግራፍ መሣል ማለት ቁጥሮቹን በረድፍና በዓምድ በኪቦርድ ጽፎ፣ የግራፉን አሣሣል በአንድ መስመር ትእዛዝ ከአናታቸው አስፍሮ፣ ሥዕሉን ለኮምፒውተር መተው ነው። ሠንጠረዡም ትእዛዙም በዐይን ይነበባሉ፤ ቁጥር ሲታረም ግራፉ በዚያው ትእዛዝ ዳግመኛ ይሣላል። አሠራሩ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራምና በውስጡ ባለው ኦርግ ሞድ ነው። ታሪኩ ግን ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል፤ ለረጅም ጊዜም ቁጥሩ አንድ ቦታ፣ ሥዕሉ ሌላ ቦታ፣ ሥዕሉን የሠራውም ሰው ሌላ ሆነው ኖረዋል።

የአንድን አገር ንግድና ገንዘብ በመስመር መውጣትና መውረድ ማሳየት የተለመደው ከስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር ወዲህ ነው። ፕሌይፌር በወጣትነቱ ጄምስ ዋት ዘንድ በንድፍ ሠራተኛነት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1786 ለንደን ላይ ያሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ 44 ሥዕሎች ነበሩት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከነዚህ 43ቱ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚሄዱ ሲሆኑ፣ አንዱ ብቻ በአግድም ዘንጎች የተሠራ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ስለ ስኮትላንድ ንግድ የአንድ ዓመት ቁጥር እንጂ የብዙ ዓመታት አላገኘም። ራሱ ዝቅ አድርጎ ያየው ይህ የዘንግ ግራፍ በኋላ ከሁሉም ይበልጥ የተለመደው መሆኑ የሚያስገርም ነው። ሥዕሎቹ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጹ ናቸው። መዳብ ላይ የተቀረጸ መስመር ቁጥሩ ቢለወጥ አብሮ አይለወጥም፤ በሚቀጥለው መቶ ዓመት ተኩል ውስጥም በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በእርሳስና በማስመሪያ የሚሠራው ሰው ያው ችግር ነበረበት።

ኮምፒውተር መጀመሪያ ማተም የቻለው ፊደልና አኃዝ ነው። ካልኮምፕ የተባለው ኩባንያ በ1959 ወረቀትን በከበሮ ላይ እያሽከረከረ በብዕር የሚሥል መሣሪያ አውጥቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ ግን በየቢሮው የሚገኝ አልነበረም። የሚገኘው መስመር በመስመር የሚያትመው ፕሪንተር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአይቢኤም 1403 በአንድ መስመር 132 ፊደል ያትም ነበር። ስለዚህ ሰዎች ግራፉን በፊደል ሠሩት፤ የቁጥሩ መጠን ስንት ክፍት ቦታ ተትቶ የኮከብ ምልክት እንደሚታተም ይወስናል፣ ቀጣዩ ቁጥር በቀጣዩ መስመር ላይ ይወርዳል።

በዚህ አሠራር ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ መሄዱ ቀርቶ ከላይ ወደ ታች ይሄድ ነበር። ፕሪንተሩ አንዴ ያለፈውን መስመር ተመልሶ አያገኘውም፤ ወረቀቱ ደግሞ ወደ ጎን 132 ፊደል ላይ ሲያበቃ፣ ወደ ታች ግን በረጅሙ ተጣጥፎ የሚመጣ ጥቅል ነው። ግራፉን በተለመደው አቅጣጫ ለማተም የፈለገ ፕሮግራም ገጹን በሙሉ አስቀድሞ በማስታወሻው ውስጥ መገንባት ነበረበት፤ የማስታወሻ ቦታ ደግሞ በዚያን ጊዜ ውድ ነበር። የሚታየውም ሥዕል ሻካራ ነው፤ 3.1 እና 3.4 አንዱ ኮከብ ከሌላው ሳይለይ እዚያው ቦታ ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ጆን ቱኪ በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው የግንድና ቅጠል ሠንጠረዥ ለዚህ ችግር ብልህ መልስ ሰጥቷል። እሱ ዘንድ የቁጥሩ የመጀመሪያ አኃዝ ግንድ፣ የመጨረሻው አኃዝ ቅጠል ይሆናል፤ አኃዞቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ የረድፉ ርዝመት ራሱ ዘንግ ይሠራል። ሥዕሉ ሲታይ ቁጥሩ አይጠፋም።

ቁጥርና ሥዕልን በአንድ ፋይል የማኖር ሐሳብ ጠንክሮ የወጣው በቤል ላቦራቶሪዎች ነው። በ1969 እዚያ የተጀመረው ዩኒክስ አብዛኛውን ነገር፣ መረጃንም ትእዛዝንም፣ በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነበር። ከ1973 ጀምሮ በዳግላስ ማኪልሮይ ሐሳብ መሠረት የአንዱ ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ለሌላው ግብዓት ሆኖ መተላለፍ ቻለ። ጆን ቤንትሊና ብራያን ከርኒገን የሠሩት ግራፕ ከዚህ አስተሳሰብ የመጣ ነው። ጸሐፊው በጽሑፉ መካከል ግራፍ ይጀምራል የሚል ምልክት ይጽፋል፣ ቁጥሮቹን ይደረድራል፣ የመዝጊያ ምልክት ያደርጋል፤ ግራፕም ያንን ወደ ሥዕል ትእዛዝ ለውጦ ለኅትመት ፕሮግራሙ ያቀብላል። ግራፕ ከዩኒክስ ሰዎች ውጭ ብዙም አልታወቀም፤ ሆኖም የዛሬው አሠራር እውነተኛ ቅድመ አያት እሱ ነው።

የቢሮው ዓለም ሌላ መንገድ ያዘ። በ1979 ቪዚካልክ፣ በ1983 ሎተስ 1-2-3 ወጡ። ሎተስ ሠንጠረዡን በጥቂት ቁልፍ ወደ ግራፍ ይለውጥ ስለነበር የሒሳብ ሠራተኛው ከወረቀትና ከማስመሪያ ተገላገለ። ጥቅሙ አያጠያይቅም። ያስከፈለው ዋጋ ግን ፋይሉን ከፕሮግራሙ በቀር ማንም የማያነበው መሆኑ ነው። ግራፉ የትኛውን ዓምድ እንደተከተለ፣ ልኬቱ ከስንት እንደጀመረ የሚናገር በዐይን የሚነበብ መስመር በፋይሉ ውስጥ አልነበረም።

ግኑፕሎት የወጣው በ1986 ነው። የጀመሩት ቶማስ ዊልያምስና ኮሊን ኬሊ የሒሳብ ቀመሮችንና የሙከራ ውጤቶችን በስክሪን ላይ ለማየት የሚረዳ ፕሮግራም ፈልገው ነበር። ስሙ ብዙዎችን ያሳስታል እንጂ ሪቻርድ ስቶልማን የመሠረተው ግኑ የተባለ የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አካል አይደለም። ግብዓቱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ዓምዶቹ በክፍት ቦታ ይለያያሉ፣ በሃሽ ምልክት የሚጀምር መስመር እንደ ማስታወሻ ይታለፋል፣ ባዶ መስመር ሲገባ የሚሣለው መስመር ይቋረጣል። ተጠቃሚው አንደኛውን ዓምድ በአግድም፣ ሦስተኛውን በቁም አድርገህ በመስመር ሣል ብሎ በአጭር ትእዛዝ ያዛል። ግኑፕሎት ለብዙ ዓይነት ስክሪንና ፕሪንተር የሚሥል ሲሆን፣ ከውጤት ዓይነቶቹ አንዱ ግራፉን በፊደላትና በምልክቶች ብቻ ይሠራል፤ የ1403ቱ ፕሪንተር ኮከቦች እዚህ ይቀጥላሉ። ዕድሜውም የሚደነቅ ነው፤ አብረውት ከወጡት ብዙዎቹ ሲጠፉ ስድስተኛው ትውልዱ በ2023 መጨረሻ ወጥቷል።

ኢማክስ በበኩሉ በ1976 በኤምአይቲ ተጀምሮ በ1985 የግኑ ኢማክስ ሆኖ የወጣ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ካርስተን ዶሚኒክ የተባለው በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ2003 ማስታወሻዎቹንና የሥራ ዕቅዶቹን የሚያደራጅበት ኦርግ ሞድን ጻፈለት። ሠንጠረዡ እዚያ ውስጥ ትልቅ ቦታ አገኘ። ጸሐፊው ዓምዶቹን በቋሚ መስመር ምልክት እየለየ ይጽፋል፣ የታብ ቁልፍ ሲነካ ሁሉም ይስተካከላል፣ ከሠንጠረዡ በታች በተጻፈ ቀመርም ድምርና አማካይ ይሰላሉ። ኦርግ ሞድ በ2007 ከኢማክስ 22 ጋር አብሮ መሰራጨት ጀመረ።

በ2008 ኤሪክ ሹልት ኦርግ ፕሎት የተባለውን ክፍል ጨመረበት። ከሠንጠረዡ በላይ በሚጻፍ አንድ መስመር ርዕሱ፣ በአግድም የሚውለው ዓምድ፣ በቁም የሚውሉት ዓምዶች፣ የግራፉ ዓይነት ይገለጻሉ። ዓምዶቹ ከአንድ ጀምረው ይቆጠራሉ። ትእዛዙ ሲሰጥ ኢማክስ ሠንጠረዡን ወደ ጊዜያዊ ፋይል ይገለብጣል፣ ለግኑፕሎት የሚገባ አጭር ፕሮግራም ያዘጋጃል፣ ሁለቱን ያቀብለዋል፤ ሥዕሉን የሚሥለው ግኑፕሎት ነው። ግኑፕሎትን ለማይፈልግም በራሱ በሠንጠረዡ ውስጥ አዲስ ዓምድ ከፍቶ የእያንዳንዱን ረድፍ ቁጥር በፊደላት ዘንግ የሚያሳይ ትእዛዝ በኋላ ተጨምሯል። ዘንጉ ሙሉ ቦታውን በወፍራም ፊደል ይሞላና የቀረችውን ቁራጭ ሳሳ ባለ ፊደል ወይም በነጥብ ይጨርሳል። ኮከቡ ብቻውን ሊለየው ያልቻለውን የ3.1 እና የ3.4 ልዩነት ይህ በተወሰነ ደረጃ ያሳያል።

ሹልት ከዳን ዴቪሰን ጋር የሠራው ባቤል በ2010 የኦርግ ሞድ አካል ሲሆን ነገሩ ሰፋ። ሠንጠረዥ ስም ከተሰጠው በዚያው ፋይል ውስጥ ለተጻፈ የአር፣ የፓይተን ወይም የግኑፕሎት ፕሮግራም ግብዓት ይሆናል፤ የሚወጣው ግራፍም በጽሑፉ ውስጥ ይገባል። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በፋይሉ ላይ የተደረገ ለውጥ የትኛው ቁጥር ከስንት ወደ ስንት እንደተቀየረ መስመር በመስመር ሊነጻጸር ስለሚችል፣ ግራፉ ለምን እንደተለወጠ መከራከሪያ አይሆንም።

በግእዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው አንድ እንቅፋት አለ። ኢማክስ፣ የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ደረጃ የሆነው ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 ከማካተቱ በፊት እንኳ፣ ግእዝን ያውቅ ነበር፤ በላቲን ኪቦርድ ለመጻፍም ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁትን ሴራ የተባለ የአጻጻፍ ሥርዓት ይጠቀማል። የዓምድ መስተካከል ግን ሁሉም ፊደል እኩል ስፋት እንዲኖረው ይጠይቃል። የግእዙ ፊደል ቅርጽ ከላቲኑ ሰፋ ካለ፣ ከተማ ወይም እህል በአማርኛ የተጻፈበት ረድፍ ቋሚ መስመሩን ወደ ቀኝ ይገፋና ሠንጠረዡ ለዐይን የተዛባ ይመስላል። ግራፉ አይነካም፤ ፕሮግራሙ ዓምድን የሚለየው በምልክቱ እንጂ በቦታው አይደለምና። ሠንጠረዡ በዐይንም እንዲስተካከል የሚፈልግ ሰው ለሁለቱም ፊደላት ስፋታቸው የተመጣጠነ የፊደል ቅርጾችን ይመርጣል፤ ካልሆነም የአማርኛውን ዓምድ መጨረሻ ላይ ያደርገዋል።