ከአፈ ወርቅ እስከ አፈ ቄሣር፦ የደራሲው በደልና የልብ ወለዱ ሚዛን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤታችን የንባብ ክፍል «የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ እናንብብ» ብዬ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነበርሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ይቀበለኛል ብዬ ስጠብቅ አንዲት እኅት እጇን አንሥታ «አባቶቻችንን ለፈጀ ጠላት አፍ የሆነን ሰው መጽሐፍ በዚህ አዳራሽ ልናነብ ነው?» ስትል ጠየቀች። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አረጋዊ አባትም የአባታቸው ታናሽ ወንድም በዲቁና ሲያገለግሉ በደብረ ሊባኖስ መገደላቸውን በዝግታ ነገሩንና «እናንተ አንብቡት፤ የእኔ እጅ ግን አይነካውም» ብለው ዝም አሉ። በዚያ ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ ሳሰላስለው የቈየሁት መልስ ነው።

ሰውየው ማን ነበሩ?

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1868 በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ በገዳማቷ በምትታወቀው በዘጌ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቀሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1887 ሥዕል እንዲማሩ ወደ ኢጣልያ ተላኩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ዳግመኛ ወደ አውሮጳ ሄደው ሳለ፣ የዐድዋ ጦርነት በተቃረበበት ጊዜ ወደ ኢጣልያ ወገን ተሻገሩ። ከዚያም በኔፕልስ ከተማ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ እያስተማሩ የሰዋስው መጻሕፍትን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም «ልብ ወለድ ታሪክ» የተሰኘውን ድርሰት አሳተሙ፤ በተከታዩ ዓመትም የዳግማዊ አጤ ምኒልክን ታሪክ አወጡ። ኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በድሬዳዋ በነጋድራስነት ተሾሙ፤ በሮምም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው ሠሩ።

ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወርር ግን እኚህ ሰው ከወራሪው ጋር ተሰለፉ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕርግም ተቀበሉ። ከነጻነት በኋላ ተይዘው ወደ ጅማ ተወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1947ም በዚያው ሞቱ።

ይህ በደል ቀላል እንዳይመስለን ዘመኑን እናስታውስ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረው ጭፍጨፋ የከተማዋን ሕዝብ ፈጀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት፣ ዲያቆናት ሳይቀሩ፣ ተረሸኑ። ነጋድራስ አፈወርቅ እነዚህን ግድያዎች አዘዙ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንደበታቸውን ያዋሱት ይህን ላደረገው መንግሥት ነው።

ሁለቱ ስሞች

«አፈ ወርቅ» የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በስሙ የሚቀደስ ቅዳሴ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ መጠሪያ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሳለ ቤተ መንግሥቱን ስለ ገሠጸ የንግሥት አውዶክስያ ቍጣ ወርዶበት ወደ ስደት ተላከ፤ እ.ኤ.አ. በ407ም በስደት ላይ ዐረፈ። የዘጌው ልጅ ይህን ስም ተሸክመው አደጉ፤ በእርጅናቸው ግን «አፈ ቄሣር» ተባሉ። አንዱ አፍ ስለ እውነት ቄሣርን ተጋፈጠ፤ ሌላው አፍ ለቄሣር አደረ። የእኅታችን ጥያቄ ከዚህ ስብራት የሚነሣ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ዛሬ ማንኛውንም የፈጠራ ታሪክ «ልብ ወለድ» ብለን ስንጠራ የምንጠቀመው እኚህ ሰው ለመጽሐፋቸው የሰጡትን ስም ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያችን ብናወርደው እንኳ ስሙ ከአንደበታችን አይወርድም።

ሁለት ቀላል መልሶች

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ፈጥነው ይመጣሉ። አንደኛው «ዛፉ ክፉ ከሆነ ፍሬውም ክፉ ነው፤ ይጣል» የሚል ነው። ሁለተኛው «ደራሲው ሌላ፣ ድርሰቱ ሌላ፤ የሰውየውን ሕይወት አታንሡብን» የሚል ነው። ሁለቱም ከማሰብ ያሳርፉናል። የመጀመሪያው ከማንበብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከማስታወስ ነፃ ያወጣናል።

ቤተ ክርስቲያን ግን በመጻሕፍቷ ሌላ መንገድ አሳይታናለች። በኦሪት ዘኍልቍ ከምዕራፍ 22 ጀምሮ የተጻፈውን የበለዓምን ታሪክ አስቡ። በለዓም ሕዝበ እግዚአብሔርን ሊረግም በዋጋ የተጠራ ሰው ነው። ነገር ግን ከያዕቆብ ስለሚወጣው ኮከብ የተነገረው ትንቢት በእርሱ አፍ ተነገረ፤ አባቶቻችንም ስለ ክርስቶስ የተነገረ መሆኑን አስተማሩን። ቤተ ክርስቲያን ትንቢቱን ስለ ሰውየው ክፋት አልጣለችውም፤ ሰውየውንም ስለ ትንቢቱ ውበት ቅዱስ አላለችውም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ (2፥15) የዓመፃን ደመወዝ የወደደ ብሎ ስሙን ያነሣዋል። ንግግሩም ፍርዱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቀዋል።

ቅዱስ ዳዊትንም እንመልከት። በየዕለቱ የምንጸልየው መዝሙር 50 በርእሱ ላይ የዳዊትን በደል ይዞ ይኖራል፤ ወደ ቤርሳቤህ ከገባ በኋላ ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ የተዘመረ መሆኑ ተጽፏል። በዳዊትና በበለዓም መካከል ያለው ልዩነት ንስሓ ነው። ስለዚህ አንዱን በቅድስና፣ ሌላውን በማስጠንቀቂያነት እናስባለን። የሁለቱም በደል ግን አልተፋቀም።

«እነዚህ የእግዚአብሔር ቃል ናቸው፤ ልብ ወለድ ግን የሰው ፈጠራ ነው» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። እኔም የማመሳስለው መጻሕፍቱን ሳይሆን የማስታወሻውን ሥርዓት ነው፤ ሥራውንም የሠሪውንም ነውር ሳይደብቁ አብሮ ማቈየትን።

ሦስት ሚዛኖች

ስለ ሰው ፈጠራ የተሰጠ ምክር ብንፈልግ ደግሞ ቅዱስ ባስልዮስ አለልን። በአቴና የተማረው ይህ አባት፣ ወጣቶች ከአረማውያን የግሪክ መጻሕፍት እንዴት ሊጠቀሙ እንደሚችሉ የጻፈው ምክር እስከ ዛሬ ይነበባል። በዚያም የንብን ምሳሌ ያነሣል፤ ንብ ወደ ሁሉም አበባ እኩል አትሄድም፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ትወስዳለች እንጂ ሁሉን አትጭንም። ልብ በሉ፤ የእነዚያ መጻሕፍት ደራስያን ጣዖት አምላኪዎች ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ ግን ወጣቶቹን «አታንብቡ» ሳይሆን «እየለያችሁ አንብቡ» አላቸው።

ከዚህ ተነሥቼ የጸሐፊ ሕይወት በሥራው ላይ ያለው ክብደት እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል እላለሁ። ሦስት ሚዛኖችን እንያዝ።

የመጀመሪያው የመምህር ሚዛን ነው። በጉባኤ ቆሞ «ተከተሉኝ» የሚል ሰው ሕይወቱ የትምህርቱ ክፍል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በአንደኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 3 ለኤጲስ ቆጶስና ለዲያቆን ምግባርን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው። በዚህ ሚዛን እኔ ራሴ ስመዘን እፈራለሁ።

ሁለተኛው የምስክር ሚዛን ነው። ታሪክ ጸሐፊ «እንዲህ ሆኗል፣ እመኑኝ» ይለናል። ስለዚህ ጥቅሙንና ወገንተኝነቱን መጠየቅ መብታችን ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ የጻፉትን የአጤ ምኒልክ ታሪክ በዚህ ሚዛን የመዘነው የዘመናቸው ምሁር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበር፤ ሚዛናዊነት ጐድሎታል ብሎ ነቅፎታል። ያን ጊዜ የፋሺስት ወረራ ገና አልደረሰም ነበር። ገብረ ሕይወት መጽሐፉን የነቀፈው በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ባገኘው ጕድለት ነው።

ሦስተኛው የተራኪ ሚዛን ነው። ልብ ወለድ ደራሲ «ይህ በልብ የተወለደ ነው» ብሎ አስቀድሞ ነግሮናል። እንድናምነው አይጠይቀንም፤ እንድናይ ይጠይቀናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ይህ ሰው ማን ነው?» ሳይሆን «ይህ ታሪክ ምን እንድወድ፣ ምን እንድጠላ ያደርገኛል?» መሆን አለበት። የደራሲው ክፋት በታሪኩ ውስጥ ገብቶ ኃጢአትን ጣፋጭ፣ ግፍን ክቡር አድርጎ ከሣለው ድርሰቱ ራሱ ይወቀሳል። ካልገባ ግን ያላጠፋውን ድርሰት በደራሲው ጥፋት መቅጣት ፍትሕ አይደለም።

መጽሐፉን በሚዛኑ ላይ

በዚህ ሚዛን «ልብ ወለድ ታሪክ»ን እንየው። አንድ ክርስቲያን የጦር መሪ በአረማውያን ጦር ተሸንፎ ይማረካል። ልጁ ዋህድ የቤተሰቡን ውለታ ለመክፈል ከቤቱ ወጥቶ በባርነት ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻም አረማዊው ንጉሥ ወደ ክርስትና ይመለሳል፤ ጦቢያንም ያገባል። የታሪኩ ልብ ውለታ፣ የወንድማማች ፍቅርና መታመን ነው። በውስጡ ክህደትን የሚያወድስ ነገር አላገኘሁም። የምነቅፈው አለ፤ የሌላው እምነት ሕዝብ በጅምላ «አረመኔ» እየተባለ መሣሉ ዛሬ በጥንቃቄ ሊነበብ የሚገባው ነው። ይህ ጕድለት ግን ደራሲው ጀግና ሆነው ቢሞቱም በቦታው ይኖር ነበር።

እንግዲህ ስለ መታመን የጻፈው እጅ ኋላ አለመታመኑ ምን ይነግረናል? መታመን ውሸት መሆኑን አይነግረንም። ይልቁንም መጽሐፉ በደራሲው ላይ ይመሰክራል፤ መልካሙን ማወቅና ማሳመር መልካሙን ከማድረግ ጋር አንድ እንዳልሆነ ያሳየናል።

ነገሩን ገልብጠንም እንየው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያሳደጋቸው ደራሲ ነበሩ። በወረራው ዘመን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። ይህ ጽናታቸው ያስከብራቸዋል። ነገር ግን «አዲስ ዓለም» የተባለው ልብ ወለዳቸው መልካም ነው ወይስ ደካማ የሚለውን የሚወስነው ስደታቸው አይደለም። የደራሲ ጽድቅ የላላ ታሪክን እንደማያጠብቅ ሁሉ የደራሲ በደልም የጠበቀውን አያላላውም።

ምን እናድርግ?

ደራሲው በሕይወት ያለ እንደ ሆነ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ የምንሰጠው ገንዘብና ክብር በደሉን ይደግፍለታልና። ያ ግን ስለ እኛ ሥራ የሚነሣ ጥያቄ እንጂ ስለ ድርሰቱ ጥራት የሚነሣ አይደለም። ሁለቱን አናደባልቅ።

እነሆ ለእኅታችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ እናንብበው፤ ግን ዕውር ሆነን አይደለም። መጽሐፉ በአዳራሻችን በሚከፈትበት ቀን በመጀመሪያ የደራሲው ሕይወት ከነበደሉ ይነገር፤ የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታትም ይታወሱ። ከዚያ በኋላ ታሪኩ በራሱ ሚዛን ይመዘን። ደራሲውን ለማክበር መጽሐፉን አናወድስ፤ ደራሲውን ለመቅጣትም መጽሐፉን አንዋሽበት።

ለአረጋዊው አባታችን ግን የምሰጠው ክርክር የለኝም። የእርሳቸው እምቢታ ፍርድ ሳይሆን ኀዘን ነው። ኀዘንን በሚዛን አናሸንፈውም፤ እናከብረዋለን እንጂ። እርሳቸውም ያላቸውን መብት ለእኛ ሕግ አላደረጉብንም፤ «እናንተ አንብቡት» ብለውናል። በንባቡ ቀን በአዳራሹ ተገኝተው ስለ አጎታቸው ቢነግሩን ግን ደስ ይለኛል፤ ሄጄም እለምናቸዋለሁ።

የተወደዳችሁ፣ እኔም እጽፋለሁ፤ በዐውደ ምሕረትም እቆማለሁ። ያማረ ቃል ከአፌ በወጣ ቍጥር ሁለቱን ስሞች አስታውሳለሁ። አፍን ወርቅ የሚያደርገው የቃሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን በመከራ ቀን ለማን እንደሚናገር ነውና። እግዚአብሔር አምላክ ቃላችንንና ሕይወታችንን አንድ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።